«ስሙን ጽፌለታለሁ እኮ!»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የመምህራንና የተማሪዎች ናቸው። ሳነባቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ብቅ አለችብኝ፦ «ስሙን ጽፌለታለሁ እኮ!» መምህሩም ይላታል፣ ተማሪውም ይላታል። ችግሩ ሁለት ጥያቄዎች መደባለቃቸው ነው። አንዱ «ይህን የሠራው ማን ነው?» የሚል ነው። ሌላው «እንድጠቀምበት ማን ፈቀደልኝ?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን የመለሰ ሰው ሁለተኛውንም የመለሰ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ መጽሐፉን መግዛት ስላልቻሉ ሙሉውን ስካን አድርጌ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅኩላቸው። የደራሲው ስም ሽፋኑ ላይ አለ። እኔም ቤሳ ቤስቲን አላገኘሁበትም። ጥፋት ነው?

መልስ፦ ሐሳብዎ ቀና ነው፤ ድርጊቱ ግን በአብዛኞቹ አገሮች ያስጠይቃል። አለመሸጥዎ ነገሩን ያለዝበው ይሆናል እንጂ ፈቃድ አይሆንም። ሕጉ ለመምህር ጨርሶ በር አልዘጋም። የቅጂ መብት (ሥራን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛትን የሚከለክለው መብት) እናት የሆነው ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት (መነሻው እ.ኤ.አ. 1886 ነው) አገሮች ለማስተማር የሚውል አጠቃቀምን በሕጋቸው እንዲፈቅዱ ቦታ ትቶላቸዋል። ግን ልክ አለው፤ ለማስረዳት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ፣ በአግባቡ፣ ምንጩንና ደራሲውን ጠቅሶ። አንድ ሥዕላዊ መግለጫ ወይም አንድ አንቀጽ ወስዶ ማስረዳት እዚህ ውስጥ ይገባል። ከሽፋን እስከ ሽፋን ግን ማስረዳት ሳይሆን ማባዛት ነው። የአገርዎ ሕግ ስንት ገጽ ድረስ እንደሚፈቅድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ያውቁታል። አሳታሚውንም በአጭር ኢሜይል ይጠይቁት። «እምቢ ይሉኛል» ብለው ሳይጠይቁ የሚቀሩ መምህራን ይበዛሉ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ፎቶ የቅጂ መብት ምልክት የለበትም። ስላይዴ ላይ ላስገባው?

መልስ፦ ያልታጠረ ግቢ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በበርን ስምምነት መሠረት መብቱ ሥራው ሲፈጠር አብሮ ይወለዳል፤ ምዝገባም ምልክትም አይጠይቅም። አሜሪካ ስምምነቱን እስከተቀላቀለችበት እስከ እ.ኤ.አ. 1989 ድረስ እዚያ ምልክቱ ዋጋ ነበረው፤ «ምልክት ከሌለው ባለቤት የለውም» የሚለው ወሬ ከዚያ የተረፈ ይመስለኛል። ይልቅ ክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ያላቸውን ፎቶዎች ፈልጊ። ባለቤቶቹ አስቀድመው «ውሰዱ» ያሉባቸው ናቸው። «ቢዋይ» (BY) የሚለው ስሜን ጥቀሱ ማለት ነው፣ «ኤንሲ» (NC) ለንግድ አታውሉት፣ «ኤንዲ» (ND) ለውጣችሁ አታሰራጩት። እዚህ ጋ ስም መጻፍ የፈቃዱ አካል ነው። ስሙን ከረሳሽው ፈቃዱም የለሽም።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቃላቱን ቀይሬ ጻፍኩ፣ መምህሬ ግን «ገልብጠሃል» አሉኝ። ቃል ከቀየርኩ ምኑ ነው ግልበጣው?

መልስ፦ የላክኸውን አየሁት። ምንጩ እንዲህ ይላል፦ «ተክሎች በቅጠላቸው የፀሐይ ብርሃን ተቀብለው ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግባቸውን ያዘጋጃሉ።» ያንተ ደግሞ፦ «ዕፅዋት በቅጠሎቻቸው የፀሐይ ጨረር ወስደው ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግባቸውን ይሠራሉ።» አምስት ቃል ነክተሃል። አጥንቱ ግን እንዳለ ነው፤ ሰውየው ካፖርት ቀየረ እንጂ ያው ሰውዬ ነው። ተክል ምግቡን እንዴት እንደሚያዘጋጅ ማወቅ የማንም ንብረት አይደለም። የቅጂ መብት ሐሳብንና እውነታን አይይዝም፤ የሚይዘው የተገለጸበትን መንገድ ነው። አንተ የወሰድከው ደግሞ መንገዱን ነው።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፦ አነባለሁ፣ መጽሐፉን እዘጋለሁ፣ ለጓደኛዬ እንደማስረዳ አድርጌ እጽፋለሁ። ከዚያ ከፍቼ ቁጥሩንና ስሙን አመሳክራለሁ። ምንጩንም እጠቅሳለሁ፤ በራሴ ቃል ስለጻፍኩት ሐሳቡ የእኔ አልሆነምና።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሼክስፒር የሞተው እ.ኤ.አ. በ1616 ነው፤ ሥራዎቹ ላይ የቅጂ መብት የሚጠይቅህ የለም። ግጥሙን በስምህ ብታስረክብ ማንም አይከስህም። መምህርህ ግን ዜሮ ይሰጡሃል። ፍርድ ቤትና ክፍል የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው።

ጥያቄ፦ ድርሰቱን የጻፈልኝ ቻትጂፒቲ ነው። ማንን ሰረቅኩ?

መልስ፦ ምናልባት ማንንም። ግን ድርሰቱ ላይ «የሠራው ማን ነው?» ለሚለው የራስህን ስም ሞልተሃል አይደል? እሱ ውሸት ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ የሠራሁት የውሃ ማጣሪያ አዲስ ነገር አለው። ዲፌንሴ (ሥራዬን በመምህራን ፊት የማቀርብበት ቀን) በሚቀጥለው ወር ነው። ፓተንቱን ከዚያ በኋላ ብጠይቅ አይሻልም? አድቫይዘሬ (አማካሪ መምህሬ) ደግሞ «ሳይንስ የሁሉም ነው፣ ፓተንት ስግብግብነት ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ አይሻልም! ቅደም ተከተሉን ገልብጠሽዋል። ፓተንት፣ ማለትም ፈጠራሽን ሌላው ያለ ፈቃድሽ እንዳይጠቀምበት የሚከለክለው መብት፣ የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው። አዲስ ማለት ደግሞ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ለሕዝብ ያልተገለጠ ማለት ነው። ገላጩ ሌላ ሰው ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ራስሽ ከገለጥሽውም ያው ነው። ክፍት አዳራሽ ውስጥ ቆመሽ ስታቀርቢ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ ስልኩን አውጥቶ ስላይድሽን ፎቶ ሲያነሳ፣ በዚያች ቅጽበት ነገሩ አዲስ መሆኑ ሊቀር ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፉን ድረ ገጽ ላይ መጫንም፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በኩራት መለጠፍም እንዲሁ ነው።

ይቅር የሚሉ አገሮች አሉ። አሜሪካና ጃፓን ፈጣሪው ራሱ ከገለጠው በኋላ አንድ ዓመት ይሰጡታል። የአውሮፓ ፓተንት ሥርዓት ግን ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በቀር ይህን አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ አመልክቺ፣ ከዚያ አቅርቢ። ዲፌንሱ አልራዘም ካለ፣ በዝግ ክፍል፣ ምስጢር ለመጠበቅ በፈረሙ ሰዎች ፊት እንዲሆን ጠይቂ። ጽሑፉም ለተወሰነ ጊዜ ለሕዝብ እንዳይለቀቅ ማመልከት ይቻላል።

የዓለም ፓተንት የሚባል ነገር የለም፤ በየአገሩ ነው የሚወጣው። ግን አትደንግጪ። ፓተንትንና መሰል መብቶችን በሚመለከተው የፓሪስ ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1883) መሠረት አንድ አባል አገር ካመለከትሽ በኋላ ባሉት 12 ወራት ሌሎች አባል አገሮች ስታመለክቺ በመጀመሪያው ቀን እንዳመለከትሽ ይቆጠርልሻል። ጥበቃው በአብዛኛው ካመለከትሽበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። ከሁሉም በፊት ግን የዩኒቨርሲቲሽን ደንብ አንብቢ። በእነሱ ላብራቶሪና ገንዘብ የተሠራን ፈጠራ የእኛ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

አድቫይዘርሽን በተመለከተ፣ ኢንሱሊንን ያገኙት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1923 ፓተንታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት በአንድ አንድ ዶላር ነው። ፓተንቱን ያወጡት ሌላ ሰው ለብቻው እንዳይቆጣጠረው ብለው ነበር። መስጠትም የሚቻለው ሲይዙት ነው።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ የሣለችው ሥዕል ትምህርት ቤቱ በሚሸጠው የቀን መቁጠሪያ ላይ ታተመ። ስሟ የለበትም። ወረቀቱም ቀለሙም የእነሱ ነው ተባልኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወረቀቱ የእነሱ ይሁን፤ ሥዕሉ የእሷ ነው። የቅጂ መብት ዕድሜ አይጠይቅም። 9 ዓመት ለሞላት ሠዓሊ ፈቃድ የሚፈርመው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው፤ እርስዎ ደግሞ አልፈረሙም። ስምን የማስጠቀስ መብት ደግሞ ከገንዘቡ የተለየ ነው፤ ሞራላዊ መብት ይባላል።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ያዘጋጀሁት የመልመጃ ወረቀት በሌላ ሰው ስም ተባዝቶ እጄ ገባ። ጥያቄ 7 ላይ የነበረችው የእኔ የፊደል ስህተት እንኳ አልተነካችም። ገንዘቡን አላሰብኩትም፤ ስሜ መጥፋቱ ነው ያንገበገበኝ።

ለጊዜው ጠበቃ አያስፈልግዎትም። ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ፤ በሚቀጥለው ኅትመት ስሟ እንዲገባ፣ ከአሁን በኋላም የፈቃድ ቅጽ አስቀድሞ ወደ ቤት እንዲላክ ይጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን ልጅዎን ያነጋግሯት። ስሜ ይጻፍ ትል ይሆናል፣ ሥዕሌን መልሱልኝም ትል ይሆናል። እስካሁን እሷን የጠየቃት የለም።