ፎጣው ዝሆን ነበር፦ የዛንዚባር ገስት ሃውስ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ጥር ከባለቤቴ ጋር ዛንዚባር ስድስት ሌሊት አድረን መጣን። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንግዳ እንዴት እንደሚሸወድ ከኔ በላይ ማን ያውቃል ብዬ ነው የሄድኩት። ተሸወድኩ። ጠይቁኝ ብያችሁ ስለነበር ጥያቄያችሁን ከነመልሱ እነሆ። የቤቱን ስም ግን አልናገርም፣ አትልፉ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ፎቶውን አይቼዋለሁ፣ ገነት ነው የሚመስለው። ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምታማርሩት?

ባሕሩማ እንከን አይወጣለትም። አሸዋው ዱቄት ነው። እኔ የማማርረው ቤቱን ነው። በሌሊት 95 ዶላር ከፍለናል። ፎቶው ላይ አልጋው መሐል በነጭ ፎጣ የተሠራ ዝሆን ነበር፣ ባለቤቴ አይታ የወደደችውም እሱን ነው። ስንደርስ እውነትም ዝሆኑ አለ። ሌላ ፎጣ ግን የለም። ለሁለት ሰው ያለችው ፎጣ እሷ ብቻ ናት፣ ለመታጠብ ዝሆኑን መፍታት ነበረብን። አጎበሩ ሰባት ቦታ ተቋጥሯል፣ ማታ ጋደም ብዬ ቆጠርኩት። ቁርስ ነጻ ነው ያሉት ደግሞ አንድ እንቁላልና ሁለት ቁራጭ ፓፓያ ነው፤ ሁለተኛ እንቁላል ሲጨመር ይከፈልበታል።

ከእንጅባራ፦ «ባሕሩ ጠፋብን» ስትል ሰማሁ። ባሕር ይጠፋል እንዴ?

ይጠፋል ወንድሜ! ጣናን ለለመደ ሰው ይሄ ጉድ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውሃው ደጃፋችን ድረስ መጥቷል። ቁርስ በልተን፣ ትንሽ አረፍ ብለን፣ ሰባት ሰዓት ላይ ልንዋኝ ስንወጣ የለም። ማዕበሉ የሚሰበረው ሩቅ አድማስ ላይ ነው፣ በመሐሉ ያለው እርጥብ አሸዋ፣ ድንጋይና የባሕር ሣር ነው። የአገሬው ሴቶች ወርደው በችካልና በገመድ የሚያለሙትን የባሕር አረም ይለቅማሉ።

ነገሩ የጨረቃ ሥራ ነው። ጨረቃ ውሃውን ስትስብ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላቱ እስከ ሽሽቱ ስድስት ሰዓት ግድም ነው፣ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ይብሳል፤ የሙላቱና የሽሽቱ ልዩነት አራት ሜትር ሊጠጋ ይችላል። የደሴቱ ምሥራቅ ዳርቻ፣ እነ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ መሬቱ ዝርግ ስለሆነ ውሃው በጣም ይርቃል። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዋኝባቸዋል። እኛ የያዝነው ምሥራቁን ነው፣ ለምን ቢባል ፎቶው ያምር ነበር። ፎቶ አንሺው የሚመጣው ሲሞላ ነዋ! በባዶ እግርህ ደግሞ እንዳትገባ፣ ድንጋዩ ሥር የባሕር ጃርት አለ፣ እሾኩ እግር ውስጥ ይሰበራል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ሻወሩ ጨው ጨው ይላል ያልከው የምርህን ነው?

የምሬን ነው። ሳሙናው አረፋ አላወጣ አለኝ። መጀመሪያ ሳሙናው የተበላሸ መስሎኝ ነበር፣ አፌ ውስጥ ሲገባ ነው የገባኝ። ደሴቱ አብዛኛው ከኮራል የተሠራ የኖራ ድንጋይ ነው፣ እንደ ወንፊት ቀዳዳ የበዛበት። የዝናቡ ውሃ ሰርጎ ይገባና ከታች ካለው የባሕር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ባሕሩ ዳር ሆቴሉ ሁሉ ጉድጓድ ቆፍሮ ሲስብ ጣፋጩ ውሃ ይሳሳል፣ ጨዋማው ይተካል። ስለዚህ ክፍል ከመያዝህ በፊት የሻወሩ ውሃ ከራሳቸው ጉድጓድ ነው ወይስ ከመስመር ወይስ በቦቴ የሚመጣ፣ ጠይቅ። ጥሩ ቤት ደንገጥ ሳይል ይመልስልሃል።

ከዳንግላ፦ መብራትስ? እኛ ጋ እንደሚጠፋው ነው?

ኧረ ይጠፋል። ደሴቱ መብራት የሚያገኘው ከዋናው የታንዛኒያ ምድር በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ነው። ገመዱ ተበላሽቶ በ2000 ዓ.ም. አንድ ወር ገደማ፣ ከዚያም ከታኅሣሥ 2002 ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ በጨለማ ቆይተዋል። በኋላ አዲስ ገመድ ገብቷል፣ አሁን እንደዚያ ዘመን አይደለም። ቢሆንም በየመሐሉ እልም ይላል። የኛ ቤት «ጀነሬተር አለን» ብሎ ጽፏል። እውነት ነው አለ፣ የሚያበራው ግን የባለቤቱን ፍሪጅና ሪሴፕሽኑን ነው። የጥር ሙቀት እዚያ ሌላ ነው፣ ያለ ማራገቢያ እንቅልፍ አይታሰብም።

ሌላ ነገር፣ ሶኬታቸው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ የእንግሊዝ ነው። የኛ ቻርጀር አይገባም። አስማሚ ከዚህ ይዘህ ሂድ።

ከሞጣ፦ ገንዘባችሁን አስመለሳችሁ?

ምን ይመለሳል! ስንደርስ የቤቱ ባለቤት የስድስቱንም ሌሊት በጥሬ ዶላር ተቀበለን፣ እኔም እንደ ጅል ቆጥሬ ሰጠሁ። ሦስት ሌሊት አድረን ሻንጣችንን አንስተን ስንወጣ የቀረው 285 ዶላር እዚያው ቀረ። ስቶን ታውን፣ አሮጌው ከተማ ገብተን በ45 ዶላር የያዝነው ቤት ባሕር የለውም፣ በግድግዳና በግድግዳ መሐል ነው፣ ግን ውሃው ይጣፍጣል፣ ፎጣውም አራት ነው።

ከባሕር ዳር፣ አንድ አባት፦ ልጄ፣ ሰውየውን ረጋ ብላችሁ አታነጋግሩትም ነበር? ሁሉ በንግግር ነው።

ጋሼ፣ አነጋግረነዋል። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ችግሩም እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆን እንጣላ ነበር። «ፖሌ» ይለኛል፣ ይቅርታ ማለት ነው። በቀን አሥር ጊዜ ፖሌ ተብያለሁ። እርስዎ እንደሚሉት ረጋ ብዬ ሳወራው ናፍጣው ከዋናው ምድር ተጭኖ እንደሚመጣ፣ በዝናቡ ወራት ቤቱ ባዶ እንደሚውል፣ በጥር ያላገኘውን መቼም እንደማያገኝ ነገረኝ። እውነቱን ነው። ግን የእሱን የሚያዝያ ኪሳራ እኔ በጥር መክፈል ነበረብኝ?

ከባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14፦ በጾም ጊዜ ብንሄድ የሚበላ እናገኛለን? እንጀራ የለም አይደል?

እንጀራ እርሺው እህቴ። በጾም ግን አትቸገሪም፣ ምግባቸው ኮኮናት ነው የሚገዛው። በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ አለ፣ ማሃራጌ ይሉታል፣ ከሩዝ ወይ ከቻፓቲ ጋር ይበላል። ካሳቫውም እንደዚያው ይሠራል። ዘይት ነው ወይስ ቅቤ የሚለውን ጠይቂ። ዓሣና ኦክቶፐሱን በተመለከተ እኔን አትጠይቂኝ፣ የነፍስ አባትሽን። ሕዝቡ ሙስሊም ነው፣ ረመዳን ላይ ከገጠማችሁ ቀን ቀን ከተማ ውስጥ ብዙ ምግብ ቤት ዝግ ነው። ከባሕሩ ዳር ወጥታችሁ ሰፈር ስትገቡም ትከሻና ጉልበት ሸፈን ይበል።

የሚያስቅሽን ልንገርሽ፣ ሰዓታቸው እንደኛ ነው! ሾፌሩ «ሳ ታቱ» ሲለኝ ሦስት ሰዓት ማለቱ ነበር፣ የኛው ጠዋት ሦስት ሰዓት። ፈረንጆቹ ሲደናገሩ እኔ ተዝናናሁ።

ከቡሬ፦ መቼ ብንሄድ ይሻላል? ከአውሮፕላን ውጭ ምን ወጪ አለ?

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዋናው ዝናባቸው ነው፣ ይቅርባችሁ። የኛ ክረምት ሲገባ እነሱ ጋ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ጎጃም ጭቃ ሲሆን እዚያ ፀሐይ ነው። አውሮፓውያንም ያን ጊዜ ስለሚመጡ ዋጋው ይንራል። ኅዳር ላይ አጭር ዝናብ አለ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ 44 ዶላር የጉዞ ኢንሹራንስ ይከፍላል፤ ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ብትሉም አይቀርላችሁም። የቢጫ ወባ ካርድ ያዙ። ያረጀና ጫፉ የተቀደደ ዶላር አትያዙ፣ ገልብጠው አይተው ይመልሱላችኋል።

ከአዴት፦ እሺ፣ ቤት ስንመርጥ ምን እንይ?

የቤቱን ፎቶ ተዉት፣ እንግዶች ያነሱትን ብቻ እዩ፣ በተለይ የመታጠቢያ ቤቱን። «ባሕር ያያል» እና «ባሕር ዳር ነው» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኤሲው በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ተጨማሪ ይከፈልበታል፣ በጽሑፍ አስመልሱ። ለአንድ ሰው በየሌሊቱ የሚታሰብ የመሠረተ ልማት ክፍያም አለ፣ እሱ ተካቷል ወይ በሉ። ከሁሉ በላይ ግን የመጀመሪያዋን ሌሊት ብቻ ክፈሉ። ቅናሽ አደርጋለሁ ቢላችሁ እንኳ፣ አንድ ሌሊት።

ከባሕር ዳር፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ፦ አንተ ነህ ይሄን የምትጽፈው? 204ን ረሳኸው?

አልረሳሁም። ለማታውቁት፣ 204 እኔ በምሠራበት ሆቴል «የጣና እይታ» ተብሎ በተጨማሪ ዋጋ የሚሸጥ ክፍል ነበር። ጣና ይታያል፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ባለችው ትንሽ መስኮት፣ ያውም የባልዲውን አፍ ደፍተው ላዩ ላይ ከቆሙ። ስንት ሙሽራ አስገብቼበታለሁ። አንዱ ወርዶ «ሐይቁ የታለ?» ሲለኝ «ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ይታያል» ብዬው ነበር።