ስለ አዮና ገዳም የሙከራ ቁፋሮ፦ ጥያቄና መልስ

ቅዱስ ኮሎምባ የተባለው አየርላንዳዊ መነኩሴ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኘው በአዮና ደሴት ላይ በ563 ገዳም መሥርቶ በ597 እዚያው ዐርፏል። በዚህ ስፍራ በ1957 ስለተካሄደው ቁፋሮና በ2017 ይፋ ስለሆነው ውጤቱ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች ከዚህ በታች ሰፍረዋል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሙከራ ቁፋሮ ከማለት ቦታውን በሙሉ ቆፍሮ መገላገል አይሻልም ነበር?

መልስ፦ አይሻልም። ቁፋሮ የማይመለስ ሥራ ነው፤ አፈሩ ተመልሶ ጉድጓዱ ቢሞላም ንብርብሩ አንድ ጊዜ ከተደበላለቀ ማንበብ የሚችለው የለም። በአዮና በጥንታዊው የአፈር ካብና ቦይ የታጠረው ግቢ ወደ 8 ሄክታር ይደርሳል። ስለዚህ ጥቂት ትናንሽ ጉድጓዶች ተቆፍረው ከሥር ምን እንዳለና ምን ያህል ሳይነካ እንደቆየ ይታይና የቀረው ለሚመጣው ትውልድ ይተዋል።

ጥያቄ፦ ዛሬ የሚታየው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን የኮሎምባ ነው? ካልሆነስ ቆፋሪዎቹ ምን ይፈልጋሉ?

መልስ፦ የኮሎምባ አይደለም፤ የቤኔዲክት ሥርዓት መነኮሳት ከ1200 ገደማ ጀምሮ የሠሩት ነው። የመጀመሪያዎቹ መነኮሳት የሚኖሩት በእንጨት ጎጆ ነበርና ግድግዳ እናገኛለን ብሎ የሚቆፍር ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። እንጨቱ ቢበሰብስም ምሰሶው ቆሞበት የነበረው ጉድጓድ ከአካባቢው ለየት ባለ፣ ብዙ ጊዜም ጠቆር ባለ አፈር ተሞልቶ ይቀራል። ቆፋሪው መሬቱን በስሱ ሲፍቀው ክብ ጥላ መስሎ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ክቡን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ብቻ ያወጣል፤ የተቆረጠውን ገጽ ለክቶና ሥሎ ሲጨርስ ሌላውን ግማሽ ይነሣል። ይህን ትዕግሥት ያጣ ቆፋሪ ጉድጓድ እንጂ ማስረጃ አያተርፍም።

ጥያቄ፦ የ1957ቱ ከሰል ዕድሜው እስኪታወቅ 60 ዓመት የፈጀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቻርልስ ቶማስ የተባሉት አርኪዮሎጂስት «የአበምኔቱ ጉብታ» በሚባለው ትንሽ አለታማ ኮረብታ ላይ የተቃጠለ ጎጆ ቅሪት አገኙ። የራዲዮካርቦን ዘዴ (በሕይወት የነበረ ነገር ቅሪት ዕድሜ የሚለካበት መንገድ) ግን ገና ጀማሪ ስለነበረና ብዙ ናሙና ስለሚጠይቅ በዚያች ጥቂት ከሰል ዕድሜውን ማወቅ አልተቻለም። እርሳቸውም ከሰሉን በክብሪት ሳጥን አድርገው በእንግሊዝ ኮርንዎል ባለው ጋራዣቸው አቆዩት። በኋላ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያስመረምሩት ከ540 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ ታወቀ። በእኔ እምነት ቶማስ ከቆፈሩት ይልቅ ያልጣሉት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ጎጆው የኮሎምባ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው?

መልስ፦ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ራዲዮካርቦን የሚነግረን እንጨቱ በሕይወት የነበረበትን ዘመን እንጂ የባለቤቱን ስም አይደለም። ከሰሉ ሃዝል ከተባለ ዛፍ የመጣ መሆኑ ግን ይጠቅመናል፤ ለዘመናት የኖረ የትልቅ ዛፍ ግንድ ቢሆን ኖሮ መሐሉ ከጎጆው በብዙ ዓመት ሊበልጥና ሊያሳስተን ይችል ነበር፣ የሃዝል ቅርንጫፍ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ከዚህም ሌላ ከ679 እስከ 704 የገዳሙ አበምኔት የነበረው አዶምናን በጻፈው ገድል ውስጥ ኮሎምባ ከፍ ባለ ቦታ በተሠራች ጎጆ ተቀምጦ ይጽፍ እንደነበር ይተርካል። ዘመኑም ቦታውም ይገጥማሉ፤ ፍጹም ማረጋገጫ ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ከከሰል ሌላ የመነኮሳቱ ዕቃ ተገኝቷል?

መልስ፦ በ1979 ከቅጥሩ ቦይ የቆዳ ጫማና የእንጨት ሥራ ወጥቷል። ጭቃው በውኃ ተሞልቶ አየር ስላላስገባ ሳይበሰብሱ ቆይተዋል።

ጥያቄ፦ ጎጆው ከተቃጠለ በኋላ ቦታው ምን ሆነ?

መልስ፦ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። ሌላ ጎጆ አልተሠራበትም። የተቃጠለው ቅሪት ከባሕር ዳር በመጣ ጠጠር ተሸፍኖ ነበር፤ በዚያው ላይ መስቀል ሳይቆምበት አይቀርም ተብሎ የሚታሰብ ጉድጓድ ተገኝቷል። የቀድሞዎቹ መነኮሳት ቦታው የማን እንደነበረ ያስታወሱ ይመስላል።