የ5 ቁጥሩ ማልያ ከቁም ሳጥን ይውጣ ወይስ ይቆይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስፖርት

የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን ዋሽንግተን ኮማንደርስ በ2024 የውድድር ዘመን 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። በ2025 ቁጥሩ ተገለበጠና 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ ሌላ ነገር የሚጠይቅ ፈልጌ ያጣሁት ለዚህ ነው። የተጫዋቾች ገበያ በማርች 2026 አጋማሽ ሳይከፈት ሦስቱን መርጬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ገርጂ ነው የምኖረው። እህቴ ከሜሪላንድ መጽሔታችሁን ትልክልኛለች። የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ይህ ኳርተርባክ የምትሉት ሰው ምን ቢሆን ነው ይህን ያህል የሚወራለት? ደግሞስ ውል ያለውን ተጫዋች እንዴት በአንድ ቀን ያሰናብቱታል?

መልስ፦ በሚያውቁት ልጀምር። አርሰናል ውስጥ አንድ አማካይ ቀኑ ካልሆነለት ሌላው ይሸፍንለታል። እዚህ ግን ቡድኑ ባጠቃ ቁጥር ኳሱ ቀድሞ የሚገባው ኳርተርባኩ እጅ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይኖረዋል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ይወረውራል፣ ለሯጩ ያቀብላል፣ ወይም ራሱ ይዞ ይሮጣል። ፊቱ አምስት ግዙፍ ሰዎች ግንብ ሆነው ይቆሙለታል። ግንቡ ከፈረሰ እሱም መሬት ላይ ነው።

ውሉን በተመለከተ፣ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ሁሉ የተጫዋቹ አይደለም። ዋስትና የተገባለት ክፍል አለ። ከዚያ የተረፈውን ክለቡ ተጫዋቹን ሲያሰናብት አይከፍለውም። ሊጉ ደግሞ ለሁሉም ክለብ እኩል የደመወዝ ጣሪያ ያወጣል፤ የ2025 ጣሪያ 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ባለቤቱ የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን ከዚያ በላይ እንዳሻው መግዛት አይችልም። በጁላይና በኦገስት ልምምድ 90 ሰው ይሰበሰባል፣ ውድድሩ ሲጀመር 53 ይቀራል። ከኮሌጅ የሚወጡትን ወጣቶች ደግሞ ክለቦች በተራ ይመርጣሉ፤ መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይመርጣል። ድራፍት የሚባለው ይህ ነው። እንግዲህ ኳስ በማይታይባቸው ወራት እዚህ አገር ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በዚህ ሁሉ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት የኮማንደርሱን ኳርተርባክ የጄይደን ዳንኤልስን 5 ቁጥር ማልያ ካልገዛህልኝ ብሎ ነዘነዘኝና ገዛሁለት። አሁን አጣጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ከቶታል። «አባዬ፣ ሰውየው ብርጭቆ ነው፣ ይሽጡት» ይለኛል። ታክሲ ስነዳ የማወራቸው ተሳፋሪዎችም እንደ እሱው ናቸው። እውን ተታልለን ነበር? ቡድኑስ ማንን አስቀርቶ ማንን ይልቀቅ? — አንድ አባት፣ አሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልተታለልንም። ማልያው ይውጣ። ምክንያቴን ግን በዝርዝር እነግርዎታለሁ፤ ልጅዎ «ለምን?» ሲል የሚመልሱለት እንዲኖርዎት።

ኦክቶበር 27 ቀን 2024፣ እሁድ ምሽት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የእኛ ምግብ ቤት ነበርኩ። ቺካጎ ቤርስ 15 ለ12 እየመራ የቀረው አንድ ኳስ ብቻ ነበር። ሰው ኮቱን ለብሶ ሒሳብ እየከፈለ ነው። ቡና የምታፈላው ልጅ ጀበናውን ከረከቦቱ በላይ እንዳነሳች ቀረች። ዳንኤልስ ያን ቀን የገባው የጎድን አጥንቱ ሳይሻለው ነው። ወዲያ ሮጠ፣ ወዲህ ተመለሰ፣ ኳሱን ይዞ ከ12 ሰከንድ በላይ ቆየ፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው። ጎሉ አፍ ላይ የተደራረቡት ሰዎች ነኩት፣ ወደ ኋላ ተንሳፈፈ፣ ብቻውን ቆሞ የነበረው ኖዋ ብራውን እጅ ገባ። 52 ያርድ (48 ሜትር ገደማ)፣ 18 ለ15። ኮት የለበሱት ሁሉ መልሰው አወለቁ፣ ሁለተኛ ቡና ታዘዘ።

ያ ዕድል ነው ቢሉኝ አልከራከርም። 17 ጨዋታ ግን በዕድል አይገፋም። በዚያ የመጀመሪያ ዓመቱ 3,568 ያርድ ወርውሮ 25 ተችዳውን (ኳሱን ከጎል መስመር ማሻገር) አስቆጠረ። ተቃራኒ ቡድን ኳሱን የቀማው 9 ጊዜ ብቻ ነው። በእግሩ ደግሞ 891 ያርድ ሮጧል። በመጀመሪያ ዓመቱ ይህን ያህል የሮጠ ኳርተርባክ ከእሱ በፊት አልነበረም። ታምፓን 23 ለ20፣ ዲትሮይትን 45 ለ31፣ ሁለቱንም በሜዳቸው አሸንፎ ዋሽንግተንን ከ1991 የውድድር ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኮንፈረንስ ፍጻሜ፣ ከዋናው ፍጻሜ በፊት ላለው ጨዋታ፣ አበቃ። እዚያ ፊላደልፊያ 55 ለ23 ደቆሰን፤ ቢሆንም እዚያ መድረሳችንን ማን አልሞ ነበር?

በ2025 ግን ከ17 ጨዋታ የተሰለፈው በ7ቱ ብቻ ነው። መጀመሪያ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ የጭኑ ጡንቻ፣ ከዚያ የግራ ክርኑ። ክርኑ በተጎዳበት ምሽት፣ ኖቬምበር 2፣ ላንዶቨር ስታዲየም ነበርኩ። ሲያትል 38 ለ7 ይመራል፤ አራተኛው ሩብ ጊዜ እኩሌታው ላይ ደርሷል። ብዙ ሰው ወደ መኪናው ሄዷል። ዳንኤልስ ጎል አጠገብ የሚያቀብለው ሰው ሲያጣ ኳሱን ይዞ ሮጠ፣ ያዙት፣ ሲወድቅ ግራ እጁን መሬት ላይ ተከለ። ክርኑ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ሰው «እስካሁን ለምን አላስወጡትም?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት የለም። እኔም ዞር ብዬ ላየው አልቻልኩም።

የእኔም ጥያቄ ያ ነው። ሰው ከላዩ ወድቆበት ክርኑ የወለቀን ልጅ ብርጭቆ ማለት ለወደቀ ዛፍ ምሳር ማብዛት ነው። በ31 ነጥብ የተሸነፉትን ጨዋታ ዋናውን ሰውዎን አስገብተው አይጨርሱም። አሰልጣኙ ዳን ኩዊን ኃላፊነቱን በራሳቸው ላይ ወስደዋል፤ በዚህ አከብራቸዋለሁ። ልጁም ግን ድርሻ አለው። የሚወረውርለት ሰው ሲያጣ ኳሱን ከሜዳ ውጭ መጣል፣ ሊይዙት ሲደርሱ ተንሸራቶ መቀመጥ ገና አልለመደም። እያንዳንዱን ኳስ የመጨረሻው ኳስ እንደሆነ አድርጎ ይጫወታል። ቺካጎ ላይ ያዳነን ባሕርይና ሲያትል ላይ ያስጎዳው ባሕርይ አንድ ነው። የክሊፍ ኪንግስበሪን ቦታ የተረከበው አዲሱ የማጥቃት አሰልጣኝ ዴቪድ ብላው ራሱ ኳርተርባክ ነበር። ኳሱ ከዳንኤልስ እጅ ቶሎ እንዲወጣ ካደረገ ሌላ ነገር አልጠይቀውም።

የምፈራውንም ልንገርዎ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ኬ ስትሪት ከምድር በታች ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ሬዲዮው እየተንኮሻኮሸ ስላስቸገረኝ አንቴናውን ገንዘብ በምቀበልባት ቀዳዳ አውጥቼ ነው የማዳምጠው። የዚያን ዘመን ኮከባችን ሮበርት ግሪፈንም እንደ ዳንኤልስ የድራፍቱ ሁለተኛ ምርጫ ነበር፤ እንደ ዳንኤልስ የሃይዝማን (የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ተሸላሚና የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ነበር። ከሲያትል ጋር 14 ለ0 እየመራን ነበር። ቀድሞ የታመመው ጉልበቱ መሀል ላይ ከዳው፣ አላስወጡትም፣ አራተኛው ሩብ ላይ ጨርሶ ተቀደደ፤ 24 ለ14 ተሸነፍን። በሴፕቴምበር ለመጀመሪያው ጨዋታ ተቻኩሎ ተመለሰ፣ ቡድኑም ያን ዓመት 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። ግሪፈን ዳግም ያው ሰው አልሆነም።

ዳንኤልስ በዚያ መንገድ አይሄድም ብዬ የማምነው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የወለቀው የማይወረውርበት እጁ ነው፣ ለማገገምም ከስምንት ወር በላይ አለው። ሁለተኛው ይበልጣል። ግሪፈንን ለማግኘት ዋሽንግተን ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ሰጥቷል። በዚያ ላይ ሊጉ በሁለት ዓመት ውስጥ 36 ሚሊዮን ዶላር ከደመወዝ ጣሪያው ቀንሶበት ነበር። በዙሪያው ሰው ለማሰባሰብ የተረፈው ጥቂት ነው። ዳንኤልስ ግን በራሳችን ምርጫ የመጣ ነው፤ ለማንም የሰጠነው የለም።

ደመወዙንም ይመልከቱ። የዳላሱ ዳክ ፕሬስኮት በዓመት በአማካይ 60 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለዋል። የዳንኤልስ ውል ለአራት ዓመት በድምሩ 38 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ይህ እስከ መቼም አይቆይም፤ ከ2026 የውድድር ዘመን በኋላ አዲስ ውል መደራደር ይፈቀድለታል። ስለዚህ ዘንድሮ በእጃችን ያለው ገንዘብ ከዓመት በኋላ የለም። ልሽጠው የሚል ሰው ይህን ያላሰበ ነው። ሸጦስ በማን ሊተካው? ከካዝንስ እስከ ሃውል ስንቱን ኳርተርባክ እንደቀያየርን አብረን አይተናል።

እንግዲህ ማን ይቅር? ቴሪ መክሎሪን ይቅር። በክፉው ዘመን ሁሉ ኳስ ሲይዝልን የኖረ ሰው ነው፣ በኦገስት 2025ም አዲስ ውል ፈርሟል። ማርከስ ማሪዮታም ቢቀር ደስ ይለኛል፤ ውሉ አልቋል፣ ግን እንደ ዳንኤልስ የሚሮጥ ተተኪ ካለ ጨዋታውን መቀየር አያስፈልግም። ኳስ ተቀባዩን ዲቦ ሳሙኤልን ብለቀው አይቆጨኝም። ኳስ ተቀባዩ ዛክ ኧርትዝና ተከላካዩ ቦቢ ዋግነር ሁለቱም 35 ዓመታቸው ነው፣ ኧርትዝ ደግሞ በዲሴምበር የጉልበት ጅማቱ ተበጥሷል። እነዚህን ሁለት ሰዎች በፍቅር ነው የምሸኛቸው፤ የ2024 ቡድን ያለ እነሱ አይታሰብም። ነገር ግን ቡድኑ በሊጉ ውስጥ በዕድሜ ከገፉት አንዱ ሆኖ ነበር፣ ኖቬምበር ሲመጣም ጉልበት አለቀበት።

ገንዘቡ ከፊት ለፊት መስመሩ፣ ኳርተርባኩን ከሚጠብቁት ከአምስቱ ሰዎች፣ አይነሳ። ላሬሚ ተንሲልን ከሂዩስተን ለማምጣት ከሰጠነው ውስጥ የ2026 የሁለተኛ ዙር ምርጫችን አለበት፤ በኤፕሪሉ ድራፍት ያ ክፍተት ይታያል። ቢሆንም ዋጋው ተገቢ ነበር እላለሁ። በግራ በኩል የሚቆመው ሰው ኳርተርባኩ የማያየውን ጀርባውን ነው የሚጠብቅለት። ያለን 7ኛው ምርጫ ነው፤ በእሱ የተቃራኒውን ኳርተርባክ የሚያሳድድ ወጣት ቢወሰድ እመርጣለሁ። ቮን ሚለር በ36 ዓመቱ ከቡድኑ ሁሉ በልጦ የተቃራኒን ኳርተርባክ ሲጥል መዋሉ ለእሱ ክብር ነው፣ ለእኛ ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

ለልጅዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። በሴፕቴምበር አብራችሁ ስትቀመጡ፣ ለአንድ ሩብ ጊዜ ኳሱን ትቶ 78 ቁጥሩን፣ ተንሲልን፣ ብቻ ይመልከት። እግሩን እንዴት ወደ ኋላ እንደሚስብ፣ እጁ መቼ የሚመጣበት ተከላካይ ደረት ላይ እንደሚያርፍ ይይ። ከዚያ በኋላ ዳንኤልስ ለምን እንደወደቀ ወይም ለምን እንዳልወደቀ እሱ ራሱ ለእርስዎ ያስረዳዎታል።

ጥያቄ፦ 15 ዓመቴ ነው። ሴት ልጅ ኳርተርባክ መሆን ትችላለች? እናቴ «ትሰበሪያለሽ» ትለኛለች። ኳሱም ለእጄ ትልቅ ሆኖብኛል።

መልስ፦ ትችላለች፣ አንቺም ትችያለሽ። ለእናትሽ ፍላግ ፉትቦል የሚባለውን አሳያቸው። መጣልና መጋጨት የለበትም፤ ወገብ ላይ የታሰረውን ጨርቅ የመዘዘ ተጫዋቹን እንዳስቆመ ይቆጠራል። በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በወንዶችም በሴቶችም ይካሄዳል፣ በእያንዳንዱ ወገን አምስት ተጫዋች። ትምህርት ቤትሽ ቡድን እንዳለው የስፖርት መምህርሽን ጠይቂ፤ ከሌለው የሰፈርሽን የመዝናኛ ማዕከል ሞክሪ።

ኳሱን በተመለከተ፣ መደብር ስትሄጂ ለወጣቶች የሚሠራውን አነስ ያለ መጠን ጠይቂ። ትንሿን ጣትሽንና የቀለበት ጣትሽን ገመዱ ላይ አሳርፊ፣ መዳፍሽና ኳሱ መሀል ትንሽ ክፍተት ተዪ። በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥር ያርድ በላይ አትወርውሪ፤ ክንድሽ ሳይሆን ወገብሽ ሲዞር ኳሱ ቀጥ ብሎ እየተሽከረከረ ይሄዳል።