በትንሽ ካሜራ ማታ በብርሃን መጻፍ

ወንድሜ፣ «ትንሿ ዲጂታል ካሜራዬ ማታ በባትሪ ስም ስጽፍ የምትይዘው ቁራጭ መስመር ብቻ ነው» ላልከው፦ አውቶ ላይ (ሁሉን ራሷ በምትመርጥበት) ስለሆነች ነው። እንዲህ ስትሆን ሹተሯ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) አብዛኛውን ጊዜ 1 ሰከንድ ሳይሞላ ይዘጋል። ለስም ከ8 እስከ 15 ሰከንድ ያስፈልግሃል።

ብዙ የካነን ፓወርሾት ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ «ሎንግ ሹተር» የሚል ምርጫ አላቸው፤ እስከ 15 ሰከንድ ይሄዳል። ኒኮን ኩልፒክስ ከሆነች የርችቱን ሞድ ሞክር። እሱ 4 ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሚቆይ ለአንድ ፊደል ወይም ለክብ ነው የሚሆነው። «ናይት ፖርትሬት»ን (ሰውን በማታ የማንሻውን ሞድ) ተወው፤ ፍላሹ ይበራና አንተው ራስህ ፎቶው ላይ ትወጣለህ።

አይኤስኦውን (ካሜራዋ ለብርሃን ያላትን ስሜት) 80 ወይም 100 አድርግ፣ ፍላሹን አጥፋ፣ ዙሙን እስከ መጨረሻው መልስ። ትራይፖድ (ባለሦስት እግር መቆሚያ) ከሌለህ ምስር የሞላ ከረጢት ላይ አስደግፋት። በጣትህ ስትጫናት እንዳትነቃነቅ በሰልፍ ታይመር (ቆጥሮ ራሱ በሚያነሳው) አንሳ።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ፎከስ ላይ ነው። በጨለማ ሌንሱ የሚይዘው ነገር ያጣል። 3 ሜትር ያህል ርቀህ የምትቆምበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው አቁምና ልብሱን በባትሪ አብራበት፤ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጫን፣ አረንጓዴው ሳጥን ሲመጣ ሳትለቅ ጨርሰህ ተጫን። ታይመሩ 10 ሰከንድ ላይ ከሆነ ቦታ ለመቀያየር ይበቃችኋል።

ጠቆር ያለ ልብስ ልበስ፤ አምፖሉ ሁልጊዜ ወደ ሌንሱ ይይ። የእኛ ፊደል እንደ እንግሊዝኛው የእጅ ጽሕፈት ተያይዞ አይሄድም፤ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ስታልፍ አምፖሉን በመዳፍህ ካልሸፈንከው ሁሉም በጭራ ይተሳሰራል። በ15 ሰከንድ ከ3 ወይም ከ4 ፊደል በላይ ያለው ቃል ያጣድፍሃል። ጽሑፉ ተገልብጦ ስለሚወጣ በኋላ ስልክህ ላይ ገልብጠው፤ ከጀርባህ ታፔላ ካለ ግን እሱም አብሮ ይገለበጣል።

የስልክ መብራት ብቻውን መስመሩን ነጭ አድርጎ ያቃጥለዋል። ቀይ ወይም አረንጓዴ ፌስታል ሁለት ጊዜ አጥፈህ ብትሸፍነው ቀለሙ ይወጣል። የመንገድ መብራት አጠገብ ከሆንክ በ15 ሰከንድ ሰማዩም ግድግዳውም ይነጣል፤ መብራት የጠፋበት ማታ ለዚህ ሥራ በረከት ነው።

ካነሳህ በኋላ ካሜራዋ ሌላ 15 ሰከንድ ያህል ዝም ብትል ተበላሸች ብለህ እንዳታጠፋት፤ ፎቶው ላይ የሚወጣውን ነጠብጣብ እያጸዳች ነው። ይህ ሁሉ የካሜራዋን ባትሪ ስለሚበላ ትርፍ ያዝ።