«ልጄ ከትምህርቱ ይልቅ ወፍ ማየት በለጠበት»

ጥያቄ፦ ልጄ የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር እንጦጦ ይወጣል፤ አንዳንዴም መናገሻ ሱባ ጫካ ድረስ ይሄዳል። ወፍ ለማየት ነው! ያየውን ደብተር ላይ ይጽፋል። ዘንድሮ የሒሳብ ውጤቱ ቀነሰ። ጭራሽ «ሐኪም መሆን አልፈልግም» አለ። አባቱ ተናዶ ባይኖኩላሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ ወዲህ ዓይንና ናጫ ሆነዋል። ማዕድ እንኳ አብረው አይቀርቡም። እኔ መሃል ላይ ሆኜ ጨነቀኝ። (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብተሩን አይተውት ያውቃሉ? ካላዩት «እስቲ አሳየኝ» ይበሉት። ወፍ የሚከታተሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የወፏን ምልክት ይመዘግባሉ። እኛ «ቁራ» ብለን የምናልፈው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እንደማይገኝ ልጅዎ ሳያውቅ አይቀርም። ይህ ሥራ መፍታት አይደለም። ማንም ሳያዘው ረጅም ሰዓት ታግሶ የሚያይና የሚመዘግብ ልጅ አለዎት።

«ሐኪም መሆን አልፈልግም» ማለቱ ደግሞ ሐኪም አይሆንም ማለት አይደለም። ጄምስ ማርሻ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ሌላ ነገር ሳይሞክሩ ቤተሰብ የሰጣቸውን ግብ እንዳለ የሚቀበሉ ወጣቶችን ለይቶ አሳይቷል። እንዲህ ያለው ልጅ ለጊዜው የተረጋጋ ይመስላል። ግን ምርጫው የራሱ አይደለም። የእርስዎ ልጅ እየሞከረ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደንብ ነው።

የሒሳቡን ነገር ለብቻው እንየው። የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው የጠፋበት? አስጠኚ ያስፈልገዋል? ማታ ማታስ ስልኩ ላይ ስንት ሰዓት ያመሻል? እኔ ብሆን ወፎቹን ከመክሰሴ በፊት ስልኩን እጠይቅ ነበር። ፈተና ሲደርስ ቅዳሜውን ያለ ጠብ መተው ከቻለ ፍቅሩ ጤናማ ነው። መተው አቅቶት ሌላው ሁሉ ከተበላሸ ግን ገደብ ያስፈልጋል።

አባቱን እንደ ክፉ አይዩት። ልጁ ነገ የሰው እጅ ጠባቂ እንዳይሆን ፈርቶ ነው። ፍርሃቱን በመረጃ ያግዙት። ዱር እንስሳትና ደን የሚያስተምር ኮሌጅ ወንዶ ገነት አለ። የእንስሳት ሕክምና ቢሾፍቱ አለ። ባዮሎጂም አለ። በዘርፉ ሥራ እንደ ልብ አይገኝም፤ ይህንንም ለልጁ አይደብቁት። ደግሞ እባካችሁ፣ «እንግዲያው የወፍ ተመራማሪ ሁን» ብላችሁ ዛሬውኑ ሌላ ግዴታ አትጫኑበት። በገዛ ፈቃዱ የሚወደውን ነገር የቤት ሥራ ታደርጉበታላችሁ።

እርስዎ መልእክት ማመላለሱን ያቁሙ። ባይኖኩላሩን አባቱ ራሱ ይመልስለት፤ በእርስዎ እጅ ከተመለሰ ኩርፊያው ይቀጥላል። የጥናት ፕሮግራሙን ልጁ ያውጣ፤ አባቱ አይቶ ይስማማበት ወይም ያስተካክለው። ከማን ጋር እንደሚወጣ፣ የት እንደሚሄድና ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ግን ማወቅ መብታችሁ ነው። ከከተማ ወጣ የሚል ከሆነ ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ከተቻለ አባትየው አንድ ቅዳሜ አብሮት እንጦጦ ይውጣ። ስለ ውጤት አያንሳ። ወንድ ልጅ ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይናገረውን ጎን ለጎን ሲራመድ ይናገራል።

አንድ ነገር ግን ይከታተሉ። ባይኖኩላሩ ተመልሶለትም መውጣት ካስጠላው፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ፣ ከጓደኞቹም ከራቀ ነገሩ ከኩርፊያ አልፏል ማለት ነው። ያኔ ጊዜ ሳይሰጡ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት።