ዋስ የሆንኩለት ልጅ ከአገር ወጣ፣ እኔ ልታሰር ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአጎቴ ልጅ በማታለል ተከሶ ጉዳዩ ልደታ ይታይ ነበር። በ40,000 ብር ዋስ ሲለቀቅ የመኪናዬን ሊብሬ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር በሞያሌ አድርጎ ኬንያ ገባ አሉኝ። አሁን ፍርድ ቤቱ እኔን ጠራኝ። አጎቴ «ልጁ ከሌለ መዝገቡ ይዘጋል፣ አትጨነቂ» ይሉኛል። በእሱ ፈንታ እታሰራለሁ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። በእሱ ፈንታ አትታሰሪም፤ የፈረምሽው ለገንዘቡ ነው። ሊያመልጥ መሆኑን አውቀሽ ካገዝሽው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ገንዘቡ ነው የሚያሳስበኝ። ተከሳሽ ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ ፍርድ ቤቱ ተይዞ እንዲቀርብ ያዛል፣ የዋስትናውን ገንዘብም ለመንግሥት ገቢ ያደርጋል። ልደታ ችሎት ደጃፍ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ስማቸው እስኪጠራ አንገታቸውን ደፍተው የሚጠብቁ ዋሶች አይቻለሁ፣ ያሳዝናሉ። አንቺም በቀጠሮሽ እንዳትቀሪ። መቼ እንደሄደ፣ ማን እንደነገረሽ ሳትደብቂ ተናገሪ። ባንዴ መክፈል ካቃተሽም ጊዜ እንዲሰጥሽ ጠይቂ።

አጎትሽ ያሉት ግማሽ እውነት ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 161 መሠረት ክሱ ከ12 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ በጋዜጣ ተጠርቶ ካልመጣ በሌለበት ይታያል፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ተሰምቶም ይፈረድበታል። ከዚያ በታች ከሆነ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል፣ ግን ልጁ ሲያዝ እንደገና ይከፈታል። የትኛው እንደሆነ ክሱ ላይ ከተጠቀሰው አንቀጽ ታውቂዋለሽ፤ ጠበቃ አሳዪው።

ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1983 ዚምባብዌ ገቡ፣ በሌሉበት ተከሰው በጥር 1999 ዕድሜ ልክ፣ በግንቦት 2000 በይግባኝ ሞት ተፈረደባቸው። ዚምባብዌ አሳልፋ አልሰጠቻቸውም። ክሱ ከአጎትሽ ልጅ ጋር በጭራሽ አይወዳደርም፣ ግን ድንበር መሻገር ፍርድ እንደማያስቀር ይታይበታል።

በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ይነሳልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። መጥሪያ እንዳልደረሰው ወይም ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር እንዳገደው ማስረዳት አለበት። ዋስ አስይዞ፣ ቀጠሮውን እያወቀ የጠፋ ልጅ ይህን ማለት ይከብደዋል።

ስልኩን ካገኘሽው ዛሬውኑ ደውዪለት። መጥሪያው ለማን እንደደረሰ፣ ፍርድ ቤት የተያዘው ሊብሬ የማን እንደሆነ አስታውሺው።