ባሌ ላይ መቼ እንውጣ? የሀዋሳ ተጓዦች ጥያቄና መልስ

ወደ ባሌ ተራሮች ጉዞ እንዳለ ከተነገረ ወዲህ ጥያቄው መዓት ሆኗል። አብዛኛው ያው ነው፦ በረዶ አለ ወይ? ዝናብ ይመታናል ወይ? መንገዱስ? ተራ በተራ እመልሳለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

መንገዱን ለማያውቅ በአጭሩ፦ ከሀዋሳ ተነስተን በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ዲንሾ እንገባለን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ቢሮ እዚያ ነው። ከዲንሾ በእግርና በፈረስ በዌብ ሸለቆ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ እንወጣለን። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ዲንሾ 3,100 አካባቢ ነው። ሳነቴ 4,000 ይደርሳል። የባሌ ትልቁ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፣ ከታች ደጋግመው ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ ሳነቴ ነጭ ሆኖ የሚያሳይ ፎቶ አየሁ። እውነት በረዶ አለ? ካለስ መቼ ብሄድ አገኘዋለሁ?

አለ፣ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። አመዳዩ ሌሊት ይወርዳል፣ ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትጠነክር ውሃ ሆኖ ይሄዳል። ፎቶውን ያነሳው ሰው በማለዳ ተነስቷል ማለት ነው። ከአመዳይ ይልቅ የምታገኘው ጠጠር የሚያህል በረዶ ነው። እሱ በክረምትም በበልግም ይወርዳል፣ ጆሮ ላይ ሲያርፍም ያማል።

ለምን አይቆይም? ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ላይ እርጥበት ባለበት ወር ብርዱ አይበረታም። ደመናው ሌሊቱን ሙሉ ምድሩን ሸፍኖ ሙቀቱን ይይዘዋል። ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ በሚከፋበት ወር ደግሞ የሚወርድ ነገር የለም። ሁለቱ የሚገናኙት አልፎ አልፎ ነው። ሲገናኙም የቀኑ ፀሐይ አይምራቸውም፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ስለዚህ በረዶ ለማየት ብቻ ብለህ ገንዘብህን አታውጣ። ከተገኘ ተመስገን ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ የትኛው ወር ይሻላል?

ይሄን ያልጠየቀ የለም፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የኔ ምርጫ ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አየሩ ከአቧራ የጸዳ ስለሆነ ከሳነቴ ጫፍ የሐረና ደን ቁልቁል ይታያል። የቀይ ቀበሮ ቡችሎች የሚወለዱትም በዚህ ሰሞን ነው። ጉድጓዳቸውን ካያችሁ ራቅ በሉ፤ እናቲቱ ከተረበሸች ቡችሎቿን ይዛ ቦታ ትቀይራለች። አንድ ጉድለት አለው፦ በጥቅምት የዌብ ሸለቆ መሬት ገና አልጠነከረም። ላዩ ሣር ይመስላል፣ ስትረግጠው ቁርጭምጭሚት ድረስ ይውጥሃል።

ጥር ደረቅ ነው፣ ለእግር ምቹ ነው። ሌሊቱ ግን አይጣል ነው። የካቲት ላይ ሣሩ ቢጫ ይሆናል፣ አየሩ ይደበዝዛል፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ደርቆ ለእሳት የተመቸ ይሆናል። መጋቢት ሲጋመስ የበልጉ ዝናብ ይጀምራል። እስከ ግንቦት ጠዋቱ ጥሩ ሆኖ ከሰዓት ይዘንባል፤ በማለዳ ተነስቶ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ድንኳን ለሚተክል ሰው መጥፎ አይደለም።

ሐምሌና ነሐሴ? ሰው ሁሉ ዝናቡን ይፈራል። እኔ የምፈራው ጉሙን ነው። ሳነቴ ላይ ጉም ሲወርድ ከፊትህ ያለው ጅብራ የሚባል ተክል ሰው ይመስልሃል። አምባው ሜዳ ነው፣ ምልክት የሚሆን ዛፍ የለውም። ያለ አገሩ ሰው መሪ በእነዚህ ወራት አትውጡ። በደረቁም ወር መሪ ያስፈልጋል፣ በክረምት ግን ጭራሽ አይታሰብም። ወንዞቹም ይሞላሉ። ጠዋት በድንጋይ ላይ የተሻገርከው ጅረት ማታ ፈረስ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ የምንሄደው በኅዳር ነው። ጠራራ ፀሐይ ነው ይባላል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሹራብ ምን ይሠራል?

እህቴ፣ ይሄ ነው ሰው የሚሸወድበት። ከሀዋሳ የሚነሳ ሰው ለክረምት ይዘጋጃል፣ ለበጋ አይዘጋጅም። ብርዱ የሚከፋው ግን በበጋ ሌሊት ነው። ደመና የለም፣ ምድሩ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅቀዋል፣ ቀን ሸሚዝ ያስወለቀህ ሜዳ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል። ሳነቴ ላይ በደረቁ ወራት ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የወረደበት ጊዜ ተመዝግቧል። ሁልጊዜ እንዲያ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ግን የተለመደ ነው።

ከፍታውም ራሱ አለ። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ከሐይቃችን ዳር ሳነቴ ድረስ ስትቆጥሪው ወደ 15 ዲግሪ ይመጣል፣ ያውም ነፋሱ ሳይጨመር። ስለዚህ ወፍራም ካልሲ፣ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት፣ ለብርድ የተሠራ ስሊፒንግ ባግ ያዢ። አዲስ መግዛት ግድ አይደለም። ሰልባጅ ተራ ገብተሽ ብትፈልጊ ጥሩ ጃኬት አታጪም።

የፀሐዩንም ነገር አትናቂው። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቆዳ ያቃጥላል። ብርድ ስለሆነ አይሰማሽም፣ ማታ አፍንጫሽ ተልጦ ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ ጋቢ አይበቃም?

ድንኳን ውስጥ ከስሊፒንግ ባጉ በላይ ጣል ካደረግከው እሰየው። ለብሰኸው በዝናብ አትሂድ። ጥጥ ውሃ ከጠጣ እዚያ አየር ላይ ቶሎ አይደርቅም፣ ክብደቱም ጣጣ ነው። ልብስህን ሁሉ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለህ ቦርሳህ ውስጥ ክተት። የቦርሳው የዝናብ ሽፋን ብቻውን አያድንም።

ጥያቄ፦ ስኒከር ይሆናል? ወይስ የተራራ ጫማ ግድ ነው?

በደረቁ ወር ጠንካራ ሶል ያለው ስኒከር ይሆናል። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ግን ይሻላል፣ ምክንያቱ ደግሞ ድንጋይ ብቻ አይደለም። ሳነቴና ዌብ የግዙፉ ፍልፈል አገር ናቸው። ፍልፈሉ ምድሩን ከውስጥ ቦርቡሮት ነው የሚኖረው። ላዩን ደህና መሬት የሚመስለው ድንገት ይሰምጣል። ፈረስም ይሰናከላል።

ሌላው የጠዋቱ መሬት ነው። በበጋ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ብትወጡ ከእግራችሁ ሥር ኩርሽም ኩርሽም የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ጎንበስ ብላችሁ እዩት። አፈሩ ውስጥ የነበረው ውሃ ሌሊት ቀዝቅዞ እንደ መርፌ ቀጫጭን ሆኖ ቆሟል፣ በራሱም ላይ አፈርና ጠጠር ተሸክሟል። ጣት የሚያህል ርዝመት ያለውም አለ። በዚያ ሰዓት መሬቱ ደረቅ ነው፣ ይረገጣል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ መርፌው ቀልጦ ያው መንገድ ጭቃ ይሆናል። ለዚህ ነው መሪዎቹ በጠዋት ውጡ እያሉ የሚያጣድፏችሁ።

በክረምት ከሆነ ቦቲ ጫማ ነው። የአገሩ እረኞች የሚያደርጉት እሱን ነው፣ እነሱ ደግሞ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ስልሳ አልፏል፣ ግፊትም አለብኝ። ልጄ አብረን እንሂድ ይላል። ምን ትመክረኛለህ?

አባቴ፣ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ፣ ስንት ሜትር ላይ እንደሚያድሩም ይንገሩት። ሳነቴ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ከሀዋሳው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደልዎ ደግሞ አይጣደፉ። የመጀመሪያውን ሌሊት፣ ቢቻል ሁለቱን፣ ዲንሾ ይደሩ። እዚያ የጥድና የኮሶ ዛፍ አለ፣ የደጋ አጋዘን ደጃፍዎ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ባያልፉም ጉዞው ከንቱ አይሆንም። ሳነቴን በመኪና ወጥተው አይተው መመለስም ይችላሉ።

ለሌሎቻችሁም ልንገራችሁ፣ ጉልበት ከከፍታ በሽታ አያድንም። ኳስ ተጫዋቹ ሲያስመልሰው አክስቱ ደህና ሆና ታመሻለች። ቀላል ራስ ምታት ሲጀምር ባሉበት ማረፍና ውሃ መጠጣት ነው፤ ሳይለቅ ወደ ላይ መውጣት የለም። ሰውየው ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ክርክር የለም። አረቄም ለብርድ መድኃኒት አይደለም፣ ሙቀት የሚያስወጣ ነው።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ረጅም መንገድ ለምዷል። ይዤው ልምጣ?

አይሆንም። በውሻ በኩል የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ቀይ ቀበሮዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003 እና በ2008 እ.ኤ.አ. ፈጅቷቸዋል። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ነው። ያንተ ቢከተብም ሕጉ ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ ማታ እሳት አንድደን ብንጨዋወትስ?

በካምፕ ቦታ የፓርኩ ሰዎች ከፈቀዱና እንጨቱ ከዲንሾ ከመጣ እሺ። አስታ ቆርጦ ማንደድ ክልክል ነው። በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ ጭራሹን ባይነሳ ይሻላል፤ የደረቀ አስታ አንዴ ከተያያዘ የሚያቆመው ዝናብ ነው። ፓርኩ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የእኛ ቡድን ስም በቃጠሎ እንዲነሳ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ድሮ ባሌ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር የሚባለው ተረት ነው?

ተረት አይደለም። ከአሥር ሺዎች ዓመታት በፊት ሳነቴና ሸለቆዎቹ ላይ ግግር ነበረ። ማስረጃው መንገዳችሁ ላይ ነው። ገርባ ጉራቻ የሚባለው ሐይቅ የተኛበት ጎድጓዳ ግግሩ የፋቀው ነው። ሜዳ ላይ ብቻቸውን የተቀመጡ ትልልቅ ድንጋዮችም ታያላችሁ፣ በረዶው ተሸክሞ አምጥቶ የጣላቸው ናቸው።

የሚገርመው ያኔም ሰው ነበረ። ዌብ ላይ ፊንጫ ሀበራ አጠገብ አንድ የዋሻ መጠለያ አለ፣ ወደ 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። ጥናቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ዋና ምግባቸው ምን ነበር መሰላችሁ? ያው ፍልፈል። ጠብሰው ነበር የሚበሉት። ግግሩም ከዚያ ሩቅ አልነበረም፣ የባልጩት ድንጋያቸውን የሚያመጡትም ከበረዶው አጠገብ ነበር። እኛ ለሁለት ሌሊት ስሊፒንግ ባግ እናማርጣለን።

ጥያቄ፦ እግሬ አይችልም። በመኪና ከጎባ ሳነቴን ማቋረጥ በክረምት ይቻላል?

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስም የመኪና መንገድ አለ። መንገዱ ጠጠር ነው። በክረምት ከፍ ያለ መኪና ይሻላል፣ ከአምባው ወደ ሐረና የሚወርደው ጠመዝማዛ ደግሞ በጉምና በጭቃ ቀልድ አይደለም። ከመነሳትህ በፊት ለፓርኩ ቢሮ ደውለህ የመንገዱንም የአካባቢውንም ሁኔታ ጠይቅ። የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ላይ ምን ብንለማመድ ይጠቅመናል?

ታቦር ተራራን በማለዳ ደጋግማችሁ ውጡ፣ ቅዳሜ ደግሞ አላሙራን። ቦርሳ ተሸክማችሁ ይሁን፣ ውስጡም ውሃ ይኑርበት። ሳምባችሁን ለከፍታ አያለማምደውም፣ ጉልበታችሁን ግን ያጠነክራል። አዲስ ጫማ ያለው ሰው እዚሁ ይሞክረው። ባሌ ላይ የተላጠ ተረከዝ ፈረስ ያስከራያል።

ጥያቄ፦ ምግብ እናዋጣ ተብሏል። እኔ ምስርና ባቄላ አለኝ፣ ላምጣ?

ተያቸው። ሳነቴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ86 ወይም በ87 ዲግሪ ነው፣ ሀዋሳ ላይ በ94 ገደማ። ባቄላ ለአንድ ሰዓት ቢንተከተክም ጥርስ ይሰብራል፣ ጋዙም ያልቃል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ አምጪ። ሽሮ ተፈጭቷል፣ አያስቸግርም። ቡናውን እኔ እይዛለሁ። ፓስታ ካልበላሁ የሚል ሰው ትርፍ ቡታ ጋዝ በራሱ ወጪ ይዞ ይምጣ።